ባክሚንስተር ፉለርና ባለሦስት ጎማው አውቶሞቢል

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የተሳካላቸው ሥራ ነው። ያልተሳካው ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ወይም ከናካቴው ይዘለላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ሰው በዓለም የታወቀበት ሥራ ሌላ ሲሆን፣ ረዘም አድርጌ የምናገረው ግን ስላልሠመረለት ሥራው ነው። ይህን ማድረጌ ስሙን ለማሳነስ አይደለም፤ የሰው ማንነት የሚለየው ከወደቀ በኋላ በሚያደርገው ነገር ነው ብዬ ስለማምን ነው። ሰውየውም አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ሪቻርድ ባክሚንስተር ፉለር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ፉለር ጁላይ 12 ቀን 1895 በማሳቹሴትስ ግዛት ሚልተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የተማረና የተከበረ ነበር፤ የአባቱ አክስት ማርጋሬት ፉለር በዘመኗ ስመ ጥር ደራሲና ለሴቶች መብት የተከራከረች ሴት ነበረች። ሕፃኑ ግን ዓይኑ ደካማ ነበር። ቅርብ ያለው ነገር ሁሉ ስለሚደበዝዝበት፣ መነጽር እስኪያገኝ ድረስ ዓለምን የሚያውቃት እንደ ጥላና እንደ ቀለም ብቻ ነበር።

በመዋዕለ ሕፃናት ሳለ አስተማሪዋ የደረቀ አተርና የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ለልጆቹ አድላ ቤት እንዲሠሩ አዘዘቻቸው። ሌሎቹ ልጆች በዓይናቸው የለመዱትን አራት ማዕዘን ቤት ሠሩ። ፉለር ግን በእጁ እየዳሰሰ፣ ቢገፉት የማይንገዳገደውን ቅርጽ ይፈልግ ጀመር፤ ያገኘውም ሦስት ማዕዘን ነበር። አራት ዘንግ በየጫፉ ታስሮ ከጎን ቢገፋ ይጣመማል፤ ሦስት ዘንግ ግን ዘንጉ ካልተሰበረ በቀር ቅርጹን አይለቅም። ይህን ማናችንም በጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ ልንሞክረው እንችላለን። ከዓይን ድካም የተወለደችው ይህች ትንሽ ዕውቀት በኋላ ዘመን ለዓለም ዝናው መሠረት ሆነች።

በበጋ ወራት ቤተሰቡ በሜይን ግዛት ጠረፍ አጠገብ ወዳለችው ቤር ወደምትባል ደሴት ይሄድ ነበር። በዚያም ልጁ ጀልባ መቅዘፍ፣ ሸራ መወጠርና መሣሪያ መጠገን ተማረ። የጀልባ መሪ ከኋላዋ እንደሆነ፣ ዓሣም አቅጣጫውን በጅራቱ እንደሚለውጥ ልብ ያለው በዚያ ነው። አንባቢ ይህን ነገር ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና።

አባቱ በ1910 ሞተ። በ1913 ፉለር ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከቲያትር ሰዎች ጋር በግብዣ አጥፍቶ ተባረረ። ከዚያ ካናዳ ሄዶ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ሠራ። ሃርቫርድ ዳግመኛ ተቀበለው፤ ለትምህርቱ ግድ ስላልነበረው ዳግመኛ ተባረረ። ወላጆች ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው እሰጋለሁ። ከትምህርት ቤት መባረር የታላቅነት ምልክት ነው ማለቴ አይደለም፤ ተባርሮ ስሙ ሳይሰማ የቀረ ስንት አለ! ፉለርን የጠቀመው መባረሩ ሳይሆን፣ በፋብሪካው ውስጥ ከሠራተኞች ጋር ውሎ የተሰበረ የማሽን ዕቃ እንዴት እንደሚተካ በእጁ መማሩ ነው።

በ1917 አን ሂውሌት የምትባል ወጣት አገባ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በባሕር ኃይል አገለገለ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኖች ባሕር ላይ እየወደቁ ሲገለበጡ አብራሪዎቹ ታስረው እንደተቀመጡ ይሰጥሙ ነበርና፣ ፉለር የተገለበጠውን አውሮፕላን ፈጥኖ ከውሃ የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። የፈጠራ ችሎታው በቁም ነገር የታየው ያን ጊዜ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ኀዘን ቤቱን አንኳኳ። በ1918 የተወለደችው የመጀመሪያ ልጁ አሌክሳንድራ በተከታታይ በሽታ ስትሠቃይ ቆይታ፣ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት በ1922 ሞተች። ፉለር ርጥበትና ብርድ የሚገባበት መጥፎ ቤት ለልጁ ሞት ምክንያት ሆኗል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ከአማቱ ከአርክቴክቱ ከጄምስ ሂውሌት ጋር ሆኖ ቀላል ጡብ እየሠራ ቤት የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ። 240 ያህል ሕንፃዎች ቢሠሩም ትርፍ አልተገኘም፤ በ1927 ፉለር ከገዛ ኩባንያው ተወገደ። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ልጁ አሌግራ ተወለደች። ሥራ የለ፣ ገንዘብ የለ፣ በእቅፍ ላይ አራስ ልጅ አለች። እርሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በዚያ ጊዜ በቺካጎ ከተማ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ቆሞ ሕይወቱን እስከ መጥላት ደርሶ ነበር። ነገር ግን ነፍሱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነች ተረድቶ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዘብ የሌለው አንድ ተራ ሰው ለሰው ልጅ ሁሉ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በራሱ ላይ ሊሞክር ወሰነ።

የሙከራው መመሪያ አንድ ነበር፤ ይኸውም በጥቂት ዕቃ ብዙ ጥቅም ማግኘት ነው። ሰዎች መርከብና አውሮፕላን ሲሠሩ ክብደቱን በጥንቃቄ ያሰላሉ፤ ቤት ሲሠሩ ግን የቤቱን ክብደት የሚጠይቅ የለም። ይህ ነገር ፉለርን ያስገርመው ነበር። ስለዚህ በመካከሉ በቆመ አንድ ምሰሶ ላይ በሽቦ የሚንጠለጠል፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የብረት ቤት ነደፈ። በ1929 የዚህ ቤት ሞዴል በቺካጎ በአንድ ትልቅ መደብር ለሕዝብ ሲታይ የማስታወቂያ ባለሙያው ከፉለር አነጋገር ቃላትን ቆራርጦ ዳይማክሲዮን የሚል ስም አወጣለት። ስሙ የኃይልን፣ የታላቅነትንና የውጥረትን ቃላት ያጣመረ ነው። ፉለርም ስሙን ወዶት ለብዙ ሥራዎቹ ሰጠው፤ ከእነርሱም አንዱ አውቶሞቢሉ ነው።

በመጀመሪያ ያሰበው አውቶሞቢል ብቻ አልነበረም። በመንገድ የሚሄድ፣ ሲያስፈልግም ክንፉን ዘርግቶ የሚበር ነገር ነበር። ለመብረር የሚያስፈልገው ሞተርና ዕቃ በዘመኑ ስላልነበረ ግን በምድር ላይ የሚሄደውን ክፍል አስቀድሞ ሊሞክር ተነሣ። ጊዜው አስጨናቂ ነበር። በአሜሪካ ባንኮች እየተዘጉ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ነበር። በ1933 መጀመሪያ ላይ ግን ከአንድ ባለሀብት ገንዘብ አግኝቶ፣ በኮኔቲከት ግዛት ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ የተዘጋ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሕንፃ ተከራየ። የእሽቅድምድም ጀልባዎችን በመንደፍ የታወቀውን ስታርሊንግ በርጀስንም አብሮት እንዲሠራ ጠራው። ለ27 ያህል የሥራ ቦታ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አመለከተ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ተሠርቶ የወጣው ጁላይ 12 ቀን 1933 ሲሆን፣ ቀኑ ፉለር 38 ዓመት የሞላበት ነበር።

ያን ቀን በብሪጅፖርት መንገድ ላይ የታየው ነገር ከዚያ በፊት ማንም ካየው መኪና ጋር አይመሳሰልም ነበር። የዘመኑ መኪና ሣጥን መሰል፣ ጭቃ መከላከያውና ፊት መብራቱ ወደ ውጭ የወጣ ነው። የፉለር አውቶሞቢል ግን ከፊት ድብልብል፣ ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ፣ የውሃ ጠብታ ወይም የዓሣ ቅርጽ ያለው ነበር። ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ሲሆን ከነነጂው 11 ሰው እንዲይዝ ታስቦ ተሠርቷል። አካሉ ከአሽ እንጨት በተሠራ አጽም ላይ የተለበጠ ቀጭን አሉሚኒየም ነው፤ ጣሪያው ደግሞ ሸራ ነው። ከሥሩ ያለው ሻንሲ ለአውሮፕላን ሥራ ከሚውለው ክሮምና ሞሊብዲነም ከተቀላቀለበት ብረት ተሠራ። እንግዲህ ዕቃው ከአውሮፕላን፣ አሠራሩ ከጀልባ፣ ሞተሩ ደግሞ ከተራ የፎርድ መኪና የተወሰደ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነበር ማለት ነው።

ጎማው ሦስት ብቻ ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን የምናየው ባጃጅ አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ጎማ ከኋላ አለው፤ የሚዞረውም በፊቱ ጎማ ነው። የፉለር መኪና የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ሆነው መኪናውን ይጎትታሉ፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ አቅጣጫውን ይመራል። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ ኃይሉን ወደ ፊት ጎማዎች ይልክ ነበር። የኋላ መስኮት ስላልነበረው ነጂው በስተኋላው ያለውን የሚያየው በሰርጓጅ መርከብ እንዳለው ባለ ፔሪስኮፕ ነው። የኋላው ጎማ እስከ ጎን ድረስ ስለሚታጠፍ ያ ሁሉ ርዝመት ያለው መኪና ከቁመቱ ብዙም በማይበልጥ ስፍራ ላይ ዞሮ ይመለስ ነበር። መኪናው በቆመበት ሁሉ ሕዝብ ይከበው ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

ፉለር መኪናው በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በአንድ ሊትር ቤንዚንም 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ይል ነበር። በኋላ የመረመሩት ሰዎች ፍጥነቱ ከዚህ ያነሰ እንደነበረ ገልጸዋል። ቢሆንም ዋናው ሐሳብ ትክክል ነበር። መኪና በፈጠነ ቁጥር ከፍተኛውን ኃይል የሚበላበት የአየር ግፊት ነው፤ ቅርጹ አየሩን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ከሆነ በትንሽ ነዳጅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ዛሬ መኪና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሁሉ ይህን ሕግ ይከተላሉ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን መከራ ደረሰ። የመጀመሪያው መኪና በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን በር አጠገብ ከሌላ አውቶሞቢል ጋር ተጋጭቶ ተገለበጠ። ነጂው ፍራንሲስ ተርነር ሞተ፤ ተሳፍረው የነበሩት እንግሊዛዊው አብራሪ ሴምፒልና ፈረንሳዊው የአየር ተጓዥ ዶልፉስ ክፉኛ ቆሰሉ። ሌላው መኪና የአንድ ሹም ስለ ነበር ጋዜጠኞች ሳይደርሱ ከስፍራው ተነሣ። ጋዜጦቹም ያዩት የተገለበጠውን እንግዳ መኪና ብቻ ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ አደረጉ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ሁለት መኪናዎች መጋጨታቸው ቢታወቅም፣ ወሬው ቀድሞ ዓለምን ዞሮ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ገንዘብ ሊያወጡ አስበው የነበሩ ሰዎች ሸሹ።

ስለ ፉለር የሚጽፉ ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ተበደለ ብለው ያልፋሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል እላለሁ። ጋዜጦቹ ስለ ግጭቱ ቸኩለው ፈረዱ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መኪናው ከግጭቱ በፊትም እንከን ነበረበት። በኋላ ጎማ የሚመራ ተሽከርካሪ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ ጅራቱ ወደ ግራ ይወጣል። በዝግታ ሲሄዱ ይህ ችግር የለውም፤ በፍጥነት ሲሄዱ ግን ነጂው ጅራቱን ለማረም መሪውን ሲያዞር ከልክ ያልፋል፤ ያንንም ለማረም እንደገና ያዞራል፤ መኪናውም እንደ እባብ ይጥመለመላል። በዚያ ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር የኋላው ክፍል በአየሩ ኃይል ቀለል ስለሚል የሚመራው ጎማ መሬቱን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። የጎን ነፋስም ሰፊውን አካል ይገፋዋል። ጀልባና ዓሣ በውሃ ውስጥ ስላሉ ውሃው ከሁሉም በኩል ይደግፋቸዋል፤ መኪና ግን የሚደገፈው ጎማው መሬት በነካበት በመዳፍ ስፋት ብቻ ነው። ፉለር በልጅነቱ በደሴቲቱ ላይ ያየው ነገር ለውሃ እውነት ነበር፤ ለአስፋልት ግን አልሆነም።

ፉለር ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ያልሠለጠነ ሰው መኪናውን እንዳይነዳ ይከለክል ነበር፤ በዝናብና በኃይለኛ ነፋስ ጊዜም እንዳይነዳ ያስጠነቅቅ ነበር። በሦስተኛው መኪና ጣሪያ ላይም ሚዛኑን እንዲጠብቅለት እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ ነገር አቆመበት። በዘመናችን በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የሚገኝ አንድ የመኪና ሙዚየም የመጀመሪያውን መኪና አስመስሎ አሠርቶ ነበር፤ የነዱትም ሰዎች በፍጥነት ሲሄድ መያዙ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን መስክረዋል። ስለዚህ የተርነርን ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ምክንያት አላስገባሁትም። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ገንዘቡን ቢያጣ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሰው በፈጠራው ላይ ሲሳፈር ግን ኃላፊነቱ ይከብዳል። ነገ ከመካከላችን ብዙዎች መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም መድኃኒት ቀማሚ እንሆናለን፤ ይህ ጉዳይ ያን ጊዜ የእያንዳንዳችን ጉዳይ ይሆናል።

ከአደጋው በኋላ ፉለር ሥራውን አልተወም። ሚስቱ በውርስ ካገኘችው ገንዘብ ሳይቀር ወጪ አድርጎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መኪና አስጨረሰ። ሦስተኛው በ1934 በዚያው በቺካጎ ኤግዚቢሽን ታየ፤ በኋላም የታዋቂው የሙዚቃ መሪ የሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ቤተሰብ ገዛው። ከዚያ በላይ ግን አልተሠራም፤ ፋብሪካው ተዘጋ። የመጀመሪያው መኪና በ1943 በእሳት ጠፋ፤ የሦስተኛው መጨረሻ የብረታ ብረት ቁርጥራጭ መሆን ነበር ይባላል። ሁለተኛው ግን ዛሬም በኔቫዳ ግዛት በሬኖ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

የብዙ ሰው ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ፉለር ያን ጊዜ 40 ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ ከእጁ የቀረም ገንዘብ አልነበረም። ቢሆንም ካልተሳካው ሥራ ውስጥ የተሳካውን ለይቶ አወጣ። ቀጭን አሉሚኒየም፣ አነስተኛ ክብደት፣ የአውሮፕላን አሠራር፤ እነዚህ ሁሉ ስሕተት አልነበሩም። በ1946 ከአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ጋር ሆኖ ክብ የአሉሚኒየም ቤት ሠራ፤ ይህም ለገበያ ሳይደርስ ቀረ። በ1948 በሰሜን ካሮላይና በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ትልቅ ጉልላት ሊያቆም ሞከረ፤ ጉልላቱ ግን በተማሪዎቹ ፊት መሬት ላይ ተዘርሮ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ዕቃውን ለውጦ ሌላ ሠራ፤ ቆመም። አሠራሩ በሙአለ ሕፃናት በአተርና በእንጨት ያገኘው ያው ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ብዙ ሦስት ማዕዘኖች ተያይዘው እንደ ኳስ ክብ ሲሆኑ አንዱ የተሸከመውን ሌላው ይካፈለዋል።

በ1953 የፎርድ ኩባንያ ዲርቦርን በሚገኘው ሕንፃው ላይ ጉልላት እንዲሠራለት ጠየቀው። በተለመደው የብረት አሠራር 160 ቶን ያህል ይመዝናል የተባለውን ጉልላት ፉለር በ8 ቶን ተኩል ያህል ጨረሰው። በ1956 ደግሞ በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል በተደረገው የንግድ ትርኢት ወርዱ 30 ሜትር የሆነ ጉልላት በአንድ አውሮፕላን ተጭኖ ሄደ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ አይተው የማያውቁ የአገሩ ሠራተኞችም በ48 ሰዓት ውስጥ አቆሙት። በ1967 በካናዳ በሞንትሪያል በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የአሜሪካን ድንኳን የሠራው ፉለር ነው፤ ወርዱ 76 ሜትር፣ ከፍታውም 62 ሜትር ነበር። አገራችን ኢትዮጵያም በዚያ ኤግዚቢሽን የራሷን ድንኳን ተክላ ስለ ነበር ከአገራችን የሄዱት እንግዶች ይህን ጉልላት በዓይናቸው አይተውታል። በ1976 የላስቲክ ልባሱን እሳት በላው፤ የብረት አጽሙ ግን አልወደቀም፤ ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል።

ፉለር በሽምግልናው ዓለምን እየዞረ አስተማረ። ምድርን በሰማይ ውስጥ እንደምትጓዝ መርከብ፣ ሰዎችንም አብረው እንደ ተሳፈሩ መንገደኞች ይቈጥር ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ያልጨረሰው ሰው ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። ጁላይ 1 ቀን 1983 በሎስ አንጀለስ በታመመችው ሚስቱ አልጋ አጠገብ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ፤ አንም ከእርሱ በኋላ ሁለት ቀን ሳትሞላ አረፈች። 66 ዓመት አብረው ኖረዋል ሊባል ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተው ነበር። ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይንቲስቶች 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ጉልላቱ ክብ ሆነው የተያያዙበትን ሞለኪውል አገኙ፤ በስሙም ባክሚንስተርፉለሪን ብለው ጠሩት። ያገኙት ሰዎች በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ፉለር ስለ ራሱ ሲያስተምር አንድ ምሳሌ ይወድ ነበር። የትልቅ መርከብ መሪ እጅግ ከባድ ስለሆነ በቀጥታ ማዞር ያስቸግራል፤ ስለዚህ በመሪው ጫፍ ላይ ሌላ ትንሽ መሪ ትሠራለች። ትንሿ ስትዞር ትልቁን ታዞራለች፤ ትልቁም መርከቡን። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የዚህችው የትንሿ መሪ ስም ነው። የኋላ መሪ በአስፋልት ላይ አሳፈረው፤ በሕይወቱ ግን መልካም ምሳሌ ሆነለት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ አዲስ ነገር የሚያስብ ተማሪ በመካከላችን ሲነሣ ሁለት ነገር እናድርግ። መጀመሪያ፣ መልኩ እንግዳ ስለሆነ ብቻ አንሳቅበት። ሁለተኛ፣ ስለምንወደው እንከኑን አንደብቅለት፤ እስኪስተካከል እንፈትነው እንጂ። ፉለር ሦስት መኪና ሠርቶ አልሆነለትም፤ ግን ከሦስቱ የተማረውን ይዞ ሺህ ጉልላቶችን የሚያቆም አሠራር ለዓለም አወረሰ። ፍራንሲስ ተርነርም ከስሙ በቀር ምንም ሳይተው ሄደ። የአንዱን ጽናት ስናደንቅ የሌላውን ሞት ካልረሳን ያን ጊዜ ከታሪኩ በእውነት ተምረናል።